መቅደላ ላይ የታሰረው ጀርመናዊ ሰዓሊ

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲወራ የጋፋት ፈረንጆች ይነሳሉ፣ ሴባስቶፖል ይነሳል፣ የመቅደላ እስረኞችም ይነሳሉ። ከእስረኞቹ መካከል አንዱ ሰዓሊ እንደነበር የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ስሙ ኤድዋርድ ዛንደር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1813 በጀርመን፣ አንሃልት በሚባል ግዛት ተወለደ። በ1840ዎቹ መጨረሻ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጣ። ከእሱ ቀድሞ የገባው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በደጃዝማች ውቤ ዘንድ ተሰሚ ነበር። ዛንደርም ውቤን አገለገለ። የውቤ ደብር የሆነችው የስሜኗ ደረስጌ ማርያም ስትነሳ የሁለቱ ጀርመኖች ስም አብሮ ይነሳል።

ውቤ ያቺን ደብር ያሠሩት ሊነግሡባት ነው ይባላል። ፈቃዱ ግን ሌላ ሆነ። በ1847 ዓ.ም. የካቲት ላይ ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል አድርገው እዚያው ደረስጌ ማርያም ውስጥ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ጌታው የተሸነፈበት ዛንደር ለአዲሱ ንጉሥ አደረ።

እዚህ ላይ የዘመኑን ነገር ማስተዋል ይገባል። ቤተ መንግሥቱ ከፈረንጅ የሚፈልገው መድፍ እንጂ ሥዕል አልነበረም። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች እንኳ ጋፋት ላይ መድፍ እንዲያቀልጡ ተደርገዋል። እንዲህ ባለ ዘመን አንድ ሰው ተራራና ሰው እያየ መሣሉ እንደ ቁም ነገር አይቆጠርም። ዛሬ ግን ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ያን ዘመን እየተናገረ ያለው ወረቀቱ ነው። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች በ1860 ዓ.ም. ካሜራ ይዘው እስኪመጡ ድረስ የሰሜኑን አገር መልክ በአብዛኛው የያዘው እርሳስና ቀለም ነበር።

የዛንደር መጨረሻ አላማረም። ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋር መቅደላ ታሰረ። አምባው ሲወድቅ ቢፈታም ዓመቱ ሳያልቅ ሞተ። የአገሩን አፈር ዳግም አልረገጠም።

ዘሩ ግን ሩቅ ሄደ። ከጎንደሯ እመቤት ከኢሴተ ወርቅ የወለዳት ካታሪና፣ ጋፋት ላይ መድፍ ይሠራ የነበረውን የፖላንድ ተወላጅ ሞሪትዝ ሆልን አገባች። ልጃቸው ማግዳሌና የተወለደችው መቅደላ በወደቀበት ሰሞን ነው። የማግዳሌና የልጅ ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ዝነኛው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። የጎንደር ደም በሆሊውድ መድረክ ቆመ ማለት ነው።

ከዛንደር ጥቂት ቀደም ብሎ ሌላው ጀርመናዊ ሰዓሊ ማርቲን በርናትዝ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ከታጁራ ተነስቶ አንኮበር ገብቶ ነበር። ሥዕሎቹ እ.ኤ.አ. በ1852 በመጽሐፍ ታተሙ። ስለዚህ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ሸዋ ማየት የፈለገ የሚያየው አለው።

ጎጃምስ? ደብረ ማርቆስ መንቆረር በምትባልበት ዘመን ምን ትመስል ነበር? ባሕር ዛፍ ወደ አገር የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ የጎጃም ኮረብታ ያለ ባሕር ዛፍ አይታሰብም፤ ያኔ ግን አንድም አልነበረም። ጮቄ ላይ አስታው እስከ የት ይወርድ ነበር? ጅብራውስ? ሽማግሌ ያወራል፤ ሽማግሌው ሲያልፍ ግን ወሬውም አብሮ ያልፋል።

ዛሬ እርሻው ጮቄን እየወጣ፣ አፈሩም በየክረምቱ ወደ ዓባይ እየወረደ ነው። ለውጡን የሚመዘግብ እጅ ግን ብዙ አይታይም። በየስልኩ ሺህ ፎቶ አለ፤ ቦታውና ቀኑ ተጽፎበት የተቀመጠው ስንቱ ነው? ስልኩ ሲሰበር ሁሉም አብሮ ይጠፋል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ላይ ቆመው ጮቄን ቢስሉ ወይም ቢያነሱ፣ ቀኑን ጽፈው ቤተ መጻሕፍት ቢያኖሩ ወጪው ምንድን ነው? አንድ ደብተርና አንድ ሳጥን።

ዛንደር በባዕድ አገር፣ በሁለት ጌታ ሥር፣ በጦርነት መካከል ሣለ። አገሩ ላይ ተቀምጦ ተራራውን በየጠዋቱ የሚያይ ሰው ምክንያቱ ምን ይሆን?