ዳንቴል የለበሰው ራውተር

እናቶቻችን ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ዳንቴል አልብሰው ሲጨርሱ ተራው የራውተሩ ሆነ። እኛ ቤት ቡፌው ላይ፣ ከትልቁ መስታወት ጀርባ ተሸፋፍኖ ይቀመጣል። ከዚያ “ዋይፋዩ መኝታ ቤት አይደርስም!” ዳንቴሉ እንኳ ሞገዱን አያግድም፤ ሙቀቱን ነው አፍኖ የሚይዘው። ሞገዱን የሚያደክመው የብሎኬት ግድግዳው፣ ብረቱና መስታወቱ ነው። ራውተሩ ከፍ ብሎ ወደ ቤቱ መሃል ቢወጣ ብዙው ጣጣ ይቀላል።

ስልካችሁ ላይ የቤታችሁ ዋይፋይ በሁለት ስም ከመጣ ደግሞ አንደኛው ብዙ ጊዜ 5 ጊጋኸርዝ ነው፦ ፈጣን፣ ግን ግድግዳ የማይወድ። ለጓዳው ሌላኛው፣ 2.4ቱ ይሻላል፣ ማይክሮዌቭ ሲሠራ ቢያንገራግርም (ሁለቱም የሚሠሩት በተቀራረበ ሞገድ ነው)።

የይለፍ ቃሉስ? ከራውተሩ ሆድ ሥር ተለጥፎ የመጣውን እስካሁን ካልቀየራችሁ፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ገልብጦ ፎቶ አንስቶታል በሉ።