ሊማሊሞ ሲዘጋ… እግርም ይዘጋል!

“ሊማሊሞን ያልወጣ ሰው መንገድ አየሁ አይበል” የሚሉ ሾፌሮች አሉ። እኔም አልከራከራቸውም። ከዛሪማ ቆላ እስከ ደባርቅ ደጋ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ድረስ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየጠረበ ያወጣው መንገድ እንደ መቀነት ተጠማዝዞ ነው ሽቅብ የሚሄደው። ታዲያ አንዱ ኩርባ ላይ ከባድ መኪና ከተሰነቀረ በቃ! በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን የድንጋይ ግድግዳ። በየት ይታለፋል?

ከአክስቴ ጋር ለጥምቀት ጎንደር ልንገባ ከሽሬ የተነሳነው ጥር 9 ቀን 2007 ዓ.ም. ማለዳ ነበር። አክስቴ ስልሳን ተሻግረዋል። መንገድ ሲሄዱ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ውሃ የሚባል ነገር አይቀምሱም። “ሾፌሩን ሽንቴ መጣ፣ አቁምልኝ ልበለው? ይቅርብኝ!” ይላሉ። (እንዲህ የምታደርጉ እህቶች ብዙ መሆናችሁን አውቃለሁ።) እግራቸው ሥር ደግሞ የሰው ጆንያ ተጠቅጥቆ ጉልበታቸውን አጥፈው ነው የተቀመጡት።

ሊማሊሞ ወገቡ ላይ ስንደርስ የፈራነው ደረሰ። ከፊታችን ባለ ተሳቢ መኪና ኩርባው ላይ ተጋደመ። ወጣቱ ሁሉ ወርዶ ቆሎ እየቆረጠመ ጭላዳ ዝንጀሮ ያያል። “እትዬ፣ አንቱስ ትንሽ ወረድ ቢሉ?” አልኳቸው። “ወንበሬን ሰው ይይዝብኛል” ብለው እምቢ አሉ። አምስት ሰዓት ተኩል እንደታጠፉ ቆዩ!

ደባርቅ አደርን። ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ የግራ ባታቸው አብጧል። ቀኙ ደህና ነው። “የመንገድ ድካም ነው” ተባባልን። የአልጋ ቤቷ ልጅ ቅቤ አመጣች። እኔም የወጌሻ ሙያ ያለኝ ይመስል ተንበርክኬ እሽት እሽት… እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ሲነጋ እግሩ ጭራሽ ግሎ ያብረቀርቃል። ደባርቅ ያየን ጤና መኮንን ገና ልጅ ነው። ሁለቱን ባት በሜትር ለካና፣ “ማን ነው ያሸው?” አለ። ዝም አልኩ። “ሁለተኛ እንዳይነካ! አሁኑኑ ጎንደር ሆስፒታል ውሰዳቸው።” (ጤና መኮንን የሚባለው ሙያ በአገራችን የበቀለው እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ ከተከፈተው የጤና ኮሌጅ ነው። ያን ቀን ኮሌጁን መረቅሁት።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ከልብ ወደ እግር ሲወርድ ቁልቁለት ነው፤ ሲመለስ ግን ሊማሊሞን ይወጣል። ሽቅብ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ ስንራመድ እየተጨመቀ ደሙን ወደ ላይ ይሰደዋል። በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ደግሞ የመኪና ረዳት ጎማ ሥር የሚወሽቀውን ታኮ ይመስላሉ፤ የወጣው ተመልሶ እንዳይንሸራተት ይይዙታል። ለሰዓታት ተጣጥፈን ስንቀመጥ ጡንቻው ሥራ ይፈታል፣ ደሙም ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይረጋል። እግር ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ከተሰነቀረ ድንገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ደረት ይወጋል፣ ይገድላልም። እኔ በቅቤ ሳሸው የነበረው እንግዲህ ይህን ነው!

ይህ የአውሮፕላን ተሳፋሪ በሽታ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 የለንደን ሰዎች ከጀርመን ቦምብ ሸሽተው በየመጠለያው የሸራ ወንበር ላይ ሲያድሩ፣ ቦምቡ ሳይነካቸው በዚሁ የሞቱ እንደነበሩ ሐኪሞች ያኔውኑ ጽፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ፣ በአውቶቡስም ይሁን በባቡር፣ አደጋውን እጥፍ ያህል ያደርገዋል ብሏል። ለጤነኛ ሰው ያው ጥቂት ነው፤ ከ6,000 ተጓዥ ለአንዱ ያህል። በዕድሜ ለገፋ፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን ለተደረገ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ግን ከፍ ይላል።

ወደ ጉዞዬ ልመለስ። ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ኮሶዬን እንዴት እንዳለፍናቸው አላውቅም። 100 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ የአክስቴን ትንፋሽ ስቆጥር ጨረስኩት። ጎንደር ስንገባ ቀኑ ከተራ ነው! ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፤ ከተማው ነጭ በነጭ ሆኗል። ሚኒባሱ ቆመ። ባጃጅ እንኳ አይንቀሳቀስም። “ታቦቱ ይለፍ፣ ምን ያስቸኩልሃል?” ይሉኛል አክስቴ። ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ጎረምሶች አንዱን፣ “ወንድሜ፣ ሕመምተኛ ይዣለሁ” አልኩት። አፏጨ። አሥር የሚሆኑ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን ለሁለት ከፈሉልን፤ ባልቴቶቹ ከንፈር እየመጠጡ ፈቀቅ አሉ። እንዲያ ያለ መንገድ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

በአልትራሳውንድ ሲታይ ደሙ ረግቷል፤ ሳንባ ግን አልደረሰም። የሄፓሪን መርፌ ተጀመረላቸው፣ ቀጥሎም ለወራት የሚወሰድ ዋርፋሪን፤ እሱም ደም እያስመረመሩ ነው።

እናንተ ረጅም መንገድ የምትሄዱ፣ ቁጭ እንዳላችሁ ተረከዛችሁን ተክላችሁ ጣታችሁን አንሱ፣ ጣታችሁን ተክላችሁ ደግሞ ተረከዛችሁን። መኪናው በቆመ ቁጥር ውረዱ፤ ወንበሩን የፈለገ ይያዘው። ውሃ ጠጡ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከጋለና ካመመ አትሹት፤ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ!

በማግስቱ የጥምቀቱን ጠበል በሃይላንድ ይዤ ስገባ አክስቴ ትራስ ተደግፈው ለጎረቤታቸው የሊማሊሞን ወሬ ያወራሉ።

“ምነው ዘገየህ ልጄ?”

“መንገዱ ተጨናንቆ ነው እትዬ።”

ጠበሉን ተቀብለው አማተቡ። ግንባራቸውንና እግራቸውን ጠብ ጠብ አደረጉበትና የቀረውን ሳያቋርጡ ጠጥተው ጨረሱት።