የአሥራ አንድ ሰዓት ዜማ

ስልኬ ውስጥ አራት ደቂቃ የማይሞላ አንድ የድምፅ ቅጂ አለ። የተቀዳው በደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 30፣ በቅዱስ ማርቆስ ክብረ በዓል ሌሊት ነው። ሊቃውንቱ ጽፋት ላይ ደርሰዋል፤ ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ መዳፍ ከመዳፍ ይጋጫል፣ ከሴቶቹ በኩል እልልታው ይቀልጣል። በዚያ ሁሉ መካከል አንድ ድምፅ እፈልጋለሁ። የእናቴ ወንድም፣ ፊደል ያስቆጠረኝ፣ ዳዊት ያስደገመኝ፣ እንደ አገሬው ሁሉ እኔም «የኔታ» ብዬ የምጠራው ሰው ከዘማሪዎቹ አንዱ ነበር። ቅጂውን ስንት ጊዜ እንዳዳመጥኩት አላውቅም። ድምፁን ግን አንድም ቀን ለይቼ አላገኘሁትም።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ ነገር ግን ከማሕሌቱ በጣም ሩቅ ከሆነ ስፍራ የመጣ ነው፤ ከኒውዮርክና ከለንደን የሙዚቃ ቴአትር።

በብሮድዌይ ሰዎች ዘንድ «የአሥራ አንድ ሰዓት ዘፈን» የሚባል ነገር አለ። ተውኔቱ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የሚመጣ፣ አዳራሹን ቀጥ የሚያደርግ ዘፈን ነው። ስሙ የወጣለት ቴአትሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጀምር በነበረበት ዘመን ነው። ያ ዘፈን የሚደርሰው በእነሱ ሰዓት ወደ 11፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ግድም ነበርና። ዛሬ ትርኢቱ የሚጀመርበት ሰዓት ተለውጧል፤ ስሙ ግን እንዳለ ነው። ሰዓቱን ልብ ይሏል! ተመልካቹ ደክሟል፤ እግሩ ደንዝዟል፤ ልቡ ወደ ካፖርቱና ወደ መጓጓዣው ማማተር ጀምሯል። ደራሲውና የዜማው ባለቤት እጅግ የሚተማመኑበትን ዘፈን የሚያስቀምጡት እዚያ፣ ሰው ለመነሣት ባሰበበት ሰዓት ላይ ነው። ዋናው ባለታሪክ ሲሸሸው ከቆየው ነገር ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘውም ብዙውን ጊዜ በዚያው ዘፈን ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ዘፈኖች በመጀመሪያ የሰማሁት «ሜሞሪ» የተባለውን ነው። «ካትስ» ከተሰኘው፣ በፈረንጆች 1981 ለንደን ላይ ለመድረክ ከበቃው የአንድሩ ሎይድ ዌበር ሥራ የተወሰደ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህን ስማ» ብሎ ዘፈኑን ለብቻው ሰጠኝ። ሰማሁ፤ አማረኝ። ግን ዘፋኟ የምታለቅስበት ምክንያት አልገባኝም። ለቅሶ ቤት በስህተት ገብቶ የሞተውን ሰው ስም ለመጠየቅ እንዳፈረ መንገደኛ ሆንኩ።

ከዓመታት በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. የተቀረጸውን ሙሉ ትርኢት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁት። ለካ ግሪዛቤላ የምትባል፣ በወጣትነቷ የተደነቀች፣ አሁን ግን አርጅታና ጎስቁላ ከወገኖቿ የተገፋች ድመት ነበረች! ብቅ ባለች ቁጥር ሌሎቹ ይሸሿታል። የመጀመሪያው ክፍል ሊያበቃ ሲል ያንኑ ዜማ በአጭሩ ታንጎራጉረዋለች፤ የሚሰማት የለም፤ ትሄዳለች። ሙሉውን ዘፈን የምትዘፍነው ወደ ማብቂያው ላይ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ይሰማታል፤ ሲሸሿት የነበሩትም ይቀርቧታል። ዜማው አዲስ አልነበረም። አዲስ የነበረው ሰሚው ነው። ለብቻው ስሰማው ያማረኝ ዘፈን ያን ዕለት አስለቀሰኝ።

«ጂፕሲ» ደግሞ ከዚህ ይጠነክራል። በ1959 እ.ኤ.አ. የታየ ነው፤ ዜማው የጁል ስታይን፣ ግጥሙ የስቲቨን ሶንድሃይም። ሮዝ የምትባል እናት ልጆቿን ለመድረክ ለማብቃት ስትል ዕድሜዋን ትጨርሳለች፤ ልጆቿንም ታስመርራለች። በመጨረሻ አንዲቱ ልጅ ታዋቂ ትሆንና እናቷን የማትፈልግበት ቀን ይመጣል። ሮዝ ባዶ መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ ለራሷ ትዘፍናለች። ያ ዘፈን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስንሰማቸው ከቆዩ ዘፈኖች ቁርጥራጭ የተሰፋ ነው። በተስፋ የዘፈነችው፣ ልጆቿ ለእንጀራ የዘፈኑት፣ ሁሉም ተቀዳዶ ይመለሳል። ሶንድሃይም ዘፈኑ ተመልካቹ ማጨብጨቢያ ሳያገኝ እንዲያልቅ ፈልጎ ነበር። መምህሩ ኦስካር ሐመርስታይን ግን ሕዝቡ ያጨብጭብ ብሎ መከረው። ሊያጨበጭብ ፈልጎ የተከለከለ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን አይሰማምና።

እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ታየኝ። የኪነት ቡድን ዝግጅት ላይ ታዋቂው ዘፋኝ ለመጨረሻ ይቆያል፤ እርሱ ሕዝቡን ለማቆየት የሚደረግ የመርሐ ግብር ብልኀት ነው። ዘፋኙ መጀመሪያ ቢወጣም ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ዘፈን ግን ቦታውን ቢለቅ ይሞታል። ጉልበቱ ከቀደሙት ሰዓታት የተበደረው ነው። ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው በመሆኔ ይሆናል፣ ነገሩን በዚህ ቋንቋ ካላልኩት ልቤ አይረካም፦ ያልተቀመጠ ገንዘብ አይወጣም።

ታዲያ ስለ ሰዓቱ ሳስብ አንድ ምሽት ብቻዬን ሳቅሁ። የፈረንጆቹ 11 ሰዓት በእኛ ምሽት ነው። የእኛው «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ግን ጎሕ ሊቀድ ሲል፣ ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድ ጋቢ የሚያስደርብበት፣ በቅዱስ ማርቆስ ቅጽር ግቢ የማሕሌቱ ዜማ የሚግልበት ሰዓት ነው። ለእኔ የአሥራ አንድ ሰዓት ዜማ ከልጅነቴ ጀምሮ ነበረ። ስሙን አላውቀውም ነበር እንጂ።

ማሕሌት ቆሞ ያደረ አንባቢ ሥርዓቱን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ላላደረ ግን በአጭሩ እንዲህ ነው። ዜማው በቁም ዜማ ይጀምራል፤ ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ የሰው ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው በዜማው ልክ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ መረግድ፤ ጸናጽሉና ከበሮው ገብተው እርምጃው እየፈጠነ ይሄዳል። ከዚያ ጽፋት፤ ጭብጨባ ነው፣ ከበሮ ነው፣ ነጭ የለበሰው ሁሉ እንደ ነፋስ የመታው የጤፍ ማሳ የሚሆንበት ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቃሉ አልተለወጠም። በቁም ዜማ ቀስ ብሎ፣ እየተጎተተ፣ ልጅ የሚያስተኛው ያ ቃል ነው በጽፋት ጊዜ አዛውንቱን የሚያዘልለው። በሰው ድምፅ ብቻ የተዘራው በከበሮ ይታጨዳል።

ማሕሌት ጸሎት እንጂ ትርኢት አለመሆኑን አልዘነጋሁም። የኔታ በሕይወት ኖሮ ከድመት ዘፈን ጋር እንዳነጻጸርኩት ቢሰማ መቋሚያውን ያነሣብኝ ነበር። ተመልካችና መድረክ የሚባል ነገር የለውም። ሐመርስታይን ለተመልካቹ የለመነለት ጭብጨባ እዚህ የዜማው የራሱ አካል ነው፤ ማንም ማንን አያደንቅም፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ቆሟል።

ቢሆንም ከዚያው ግቢ ተነሥቶ መድረክ ላይ የወጣ ሰው አለን። ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለደው ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማትርቀው በደብረ ኤልያስ ነው። ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ተማሪዎችን እያሰለጠነ ተውኔት አቀረበ፤ «አፋጀሽኝ»ን የመሰሉ ሥራዎችም ጻፈ። በተውኔቶቹ ውስጥ ግጥምና ዜማ ከንግግሩ እኩል ቦታ ነበራቸው። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው እርሱ፣ ዜማውን የደረሰው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን በሱዳን ተሰዶ ኖረ፤ በ1939 ዓ.ም. አረፈ። የእኛ ዘመናዊ ቴአትር ገና እግር ሲተክል ዘፈንን ከንግግር ጋር ካጋቡት ሰዎች ግንባር ቀደም የሆነው ይህ ሰው፣ ዜማ መቼ ዝም እንደሚል መቼ እንደሚነሣ በመጀመሪያ የተማረው ቆሞ ባደረባቸው ሌሊቶች ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ነገር ግን ደብረ ኤልያስን ባለፍኩ ቁጥር ይኸው ግምት ይመላለስብኛል።

አሁን ወደ ቅጂዬ ልመለስ።

በዚያ ዓመት፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጬ ደንበኛ ሳስተናግድ ውዬ ደክሞኝ ገባሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ «አትመጣም?» አለችኝ። «ዋናው ላይ እደርሳለሁ» አልኳት። ስልኬን ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲቀሰቅሰኝ አድርጌ ተኛሁ። እንዳልኩትም ዋናው ላይ ደረስኩ። በሰው መካከል ተሽሎክሉኬ ወደፊት ቀረብኩ፣ ስልኬን ከፍ አድርጌ ጽፋቱን ቀዳሁ፣ ሲበቃኝ አጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ ከየኔታ ቤት ጠላ ቀርቦ ተቀምጠን ሳለ ቅጂውን አሰማኋቸው። ስልኩን እንደ ሰዓት ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲያልቅ መለሱልኝ።

«ደርሰን አገኘኸን» አሉኝ። «መንገዱስ የት አለ?»

«መንገዱማ ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ የኔታ። ስልኩ አይበቃውም» አልኩ እየሳቅሁ።

እርሳቸውም ሳቁ። «ስልኩ ነው የማይበቃው?» አሉና ጠላቸውን አነሡ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ ዝናብ ቀበርናቸው። ከሠልስቱ በኋላ ነው ቅጂውን ከፍቼ ድምፃቸውን መፈለግ የጀመርኩት። የገባኝም ያን ጊዜ ነው። ጽፋት የሁሉም ድምፅ አንድ የሚሆንበት ነው፤ ክብሩም ይኸው ነው፤ ሰው እዚያ ለብቻው አይገኝም። የኔታ ለብቻቸው የሚሰሙት በቁም ዜማው ነበር። ብዙ ጊዜ መሪ እርሳቸው ነበሩና ሌሎቹ እስኪቀበሏቸው ድረስ ያ ትንሽ ሻከር ያለ ድምፅ በባዶው ሌሊት ላይ ብቻውን ይሄድ ነበር። ያን ሌሊት ከእናቴ ጋር ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ድምፃቸው በእጄ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ተኝቻለሁ። ዋናውን እየጠበቅሁ ዋናው አለፈኝ።

ጥፋቱ በዚያ ሌሊት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ግጥም እጽፋለሁ። ደብተሬን ሳገላብጥ አብዛኞቹ ግጥሞቼ ከጽፋት ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ስንኝ ይጮኻል፤ ሁለተኛው ከእርሱ ላለማነስ ይጮኻል፤ አራተኛው ላይ ድምፅ ያልቅብኛል። አንባቢውን ሳላስመሽ ላስለቅሰው እሻለሁ። የግሪዛቤላን ዕንባ ሳልከፍልበት፣ የሮዝን ዕድሜ ሳልቆጥር፣ ጭብጨባውን ብቻ። አሁንም አልታረምኩም። ቢያንስ ግን አንድ ስንኝ ጮኾ ሲመጣብኝ «መንገዱስ?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬአለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ 30 ሌሊት ከእናቴ ጋር አብሬ ወጣሁ። እርሷ አሁን ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ክንዷን ይዣት ገባን። ቤተ ክርስቲያኑ ገና አልሞላም ነበር። ከበሮዎቹ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። መሪ ሆኖ የተነሣው ከየኔታ ደቀ መዛሙርት አንዱ ነው፤ አኩፋዳ አንግቶ ደጃችን ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የማውቀው ልጅ፣ ዛሬ ጢሙ ሸበት ጣል አድርጎበታል። ቁም ዜማውን ጀመረ። ድምፁ ከየኔታ ድምፅ አይገጥምም፤ የእርሱ ቀጭንና ጥሩ ነው። ነገር ግን ዜማው ወደ ታች በሚታጠፍበት አንድ ስፍራ ላይ ትንሽ ዘገየ፤ ልክ እርሳቸው ይዘገዩ በነበረበት። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልተባባልንም።

ቆመን አደርን። በመካከል እንቅልፍ ታገለኝ፣ እግሬ ከዳኝ፣ ሁለት ጊዜ በመቋሚያዬ ላይ አንቀላፋሁ። ከበሮው ገባ፤ ጸናጽሉ ገባ። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ጽፋቱ ሲደርስ ያ ከመነሻው ጀምሮ ስሰማው ያደርኩት ቃል ከእግሬ በኩል የመጣ መሰለኝ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም፤ ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ነበሩ።