ሚዛንና ወረቀት፦ በዶውሰን የወርቅ ከተማ የባንክ አጀማመር

በ1898 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሁለት ባንኮች ወደ ዶውሰን መግባታቸው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ወደሌለበት በረሃ ገንዘብ እንደገባ ተደርጎ ይተረካል። ነገሩ ግን ከገንዘብ ይልቅ የሚዛን ጉዳይ ነበር።

በሰሜን ምዕራብ ካናዳ፣ በዩኮን ወንዝ ዳር ያለችው ዶውሰን የተቆረቆረችው በነሐሴ 1896 በአቅራቢያዋ በሚገኝ ጅረት ወርቅ ከተገኘ በኋላ ነው። መገበያያዋ የወርቅ ብናኝ ነበር። ዳቦውም ውስኪውም የሚሸጠው ብናኙ በሻጩ ሚዛን እየተለካ፣ አንዱ አውንስ በ16 ዶላር ሒሳብ ነው፤ የንጹሕ ወርቅ ዋጋ ግን በዚያን ዘመን 20 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነበር። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የየጅረቱ ወርቅ በጥራት ይለያያል፤ ጥቁር አሸዋም ይቀላቀለዋል፣ አንዳንዴ በተፈጥሮ፣ አንዳንዴም በሰው እጅ። ሲመዘን የሚፈሰውም ቀላል አልነበረም፤ የመጠጥ ቤት ወለል ጥራጊ አጥበው ወርቅ ያገኙ ነበሩ። በጉድጓድ ውስጥ ክረምቱን ያሳለፈው ቆፋሪ ያወጣውን ሀብት ዋጋ የሚወስንለት ሚዛኑን የያዘው ሰው ነበር።

ባንክ ኦፍ ብሪቲሽ ኖርዝ አሜሪካ ቀድሞ ደርሶ በድንኳን ሥራ ጀመረ፤ ካናዲያን ባንክ ኦፍ ኮሜርስም ተከተለው። የኋለኛው ይዞ የመጣቸው የብር ኖቶች «ዩኮን» የሚል ቃል በጉልህ ታትሞባቸው ነበር፤ በመንገድ በጅምላ ቢጠፉ ባንኩ ለይቶ እንዲሰርዛቸው ነው። እንግዲህ ባንኩ ራሱ በጉዞው ላይ ሙሉ በሙሉ ያላመነውን ወረቀት ቆፋሪው እንዲያምን ተጠየቀ ማለት ነው። ቆፋሪውም ተቀበለው። ምክንያቱ ለወረቀት ያለው ፍቅር አይመስልም፤ ባንኩ ብናኙን አቅልጦና ጥራቱን መርምሮ ስለሚገዛ፣ የወርቁ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባለሱቁ እጅ ወጣ። ባንኩ በበኩሉ ለጽድቅ አልመጣም፤ ከግዢው ያተርፍ ነበር፣ የመንግሥትም ወኪል ነበር።

ሕዝቡ ብዙ አልቆየም። በ1899 በአላስካ ኖም ወርቅ መገኘቱ ሲሰማ ሺዎች ተነቅለው ሄዱ። ካናዲያን ባንክ ኦፍ ኮሜርስ ግን በ1901 ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ሕንጻ ሠራ፣ እስከ 1989ም በሕንጻው ውስጥ ቆየ። በ1908 ወደዚያ የተዛወረው ጸሐፊው ሮበርት ሰርቪስ የታወቀ ገጣሚ ሆኖ ነበር። ላይኛው ፎቅ ወርቅ የሚቀልጥበትና የሚመረመርበት ነበር፤ የሕንጻው የውጭ ግድግዳ ደግሞ ድንጋይ እንዲመስል ተቀርጾ በተሠራ ቆርቆሮ ተለብጧል።