ጃማይካ በ1832 ነፃ ወጥታ ቢሆንስ?



ውድ አንባቢ! ጃማይካ ሲባል ምናልባት ሙዚቃና ሩጫ ይታወስህ ይሆናል። እኔ ኪታብ የማቀራ ሰው ነኝና የሚታወሱኝ አንድ ሸኽ ናቸው። ሙሐመድ ካባ ሳገኑጉ ይባላሉ። ከምዕራብ አፍሪካ የዑለማ ቤተሰብ የተወለዱት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1777 ተይዘው ጃማይካ ውስጥ ለእርሻ ባርነት ተሸጡ። ተጠምቀውም ሮበርት ተባሉ። ከአርባ ዓመት ባርነት በኋላ ግን፣ በ1820 ገደማ፣ ስለ ሶላት በዐረብኛ ኪታብ ጻፉ። በልጅነት የቀሩትን ከልባቸው እያወጡ ነው የጻፉት፤ ሱብሓነላህ!

በ1831 ከአፍሪካ የተላከ ደብዳቤ እጃቸው ገባ። በዲናቸው እንዲጸኑ የሚመክር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሳም ሻርፕ የተባለ የባፕቲስት ዲያቆን የመራው፣ እስከ 60,000 ባሮች የተሳተፉበት አመፅ ተነሣ። የሸኹ ባለቤት ፈሩ፤ የዐረብኛ ጽሑፍ ቤት ውስጥ ቢገኝ ምን ይከተላል? ደብዳቤውን አጠፉት። እንግሊዞችም አመፁን በደም አፈኑ፤ ሻርፕ በግንቦት 1832 ተሰቀለ።

እስቲ አመፁ ድል አድርጎ፣ በ1962 የመጣው የጃማይካ ነፃነት በ1832 መጥቶ ቢሆን ብለን እናስብ። ሸኹ የሞቱት በ1845 ነውና 13 ዓመት ይቀራቸው ነበር። በ13 ዓመት አንድ ልጅ ከአሊፍ ተነሥቶ ቁርኣን ያኸትማል፤ ፊቅህ ይገባል፤ ጎበዝ ከሆነም ታናናሾቹን ያቀራል።

አዛን በኪንግስተን ያስተጋባ ነበር አልልህም። ጎረቤቷ ሐይቲ በ1804 ነፃ ብትወጣም ፈረንሳይ በ1825 የጦር መርከብ ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ጫነችባት። እዚያው ደሴት ላይ በ1801 የወጣው የቱሳን ሕገ መንግሥትም በአደባባይ የፈቀደው የካቶሊክን እምነት ብቻ ነበር። እንግሊዝም ባርነትን በሕግ ስታስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ የካሰችው ባሪያ አሳዳሪዎቹን ነው። የሻርፕ ጃማይካም ድኻና የባፕቲስቶች አገር ትሆን ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ቢሆንም ያ ደብዳቤ አይጠፋም ነበር። ከዒሻ በኋላ ኩራዝ ተለኩሶ ለጀማዓው ይነበብ ነበር። የሸኹ ዓይን ደክሞ ቢሆን እንኳ፣ ካቀሯቸው ልጆች አንዱ መልሱን በዐረብኛ ይጽፍላቸው ነበር።