ነፋሱ ስንት ነው?

የጎልፍ ሜዳ ረግጬ አላውቅም። በስልኬ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጎልፍ ስመታ ከርሜያለሁ። ጨዋታው ጎልፍ ክላሽ ይባላል። የእንግሊዝ ኩባንያ ነው የሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያውን በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። እኔ የለመድኩት ቡራዩ፣ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው።

ዋናው ነገር ነፋሱ ነው። ስክሪኑ ላይ ቀስትና ቁጥር ይወጣል፤ ቀስቱ አቅጣጫውን፣ ቁጥሩ ኃይሉን ይነግርሃል። ኳሱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ በቀለም የተለዩ ክቦች አሉ። አንዱ ክብ ስንት ነፋስ እንደሚሸፍን በያዝከው ዱላ ይወሰናል። ክቡ 2 የሚሸፍን ከሆነና ነፋሱ 8 ካለ፣ ዒላማውን አራት ክብ ወደ ነፋሱ መምጫ ትጎትታለህ፤ ነፋሱ ራሱ መልሶ ያመጣልሃል። ምቱ አጭር ከሆነ ኳሱ አየር ላይ ብዙ ስለማይቆይ ትቀንሳለህ፤ ማረፊያው ቁልቁል ከሆነ ትጨምራለህ። ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ ማስላት ሲታክተኝ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ የሚያሰላልኝ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ መሸነፍ ቀነሰ። ነፋስ የገባኝ መሰለኝ።

ጥር ላይ ሱሉልታ ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። አባዬ ገብሱን አበራይቶ፣ ለማዝራት ነፋስ እየጠበቀ ነበር። ሱሉልታን የሚያውቅ ነፋሷንም ያውቃል፤ በበጋ ከሰዓት ከምሥራቅ ሲመጣ ጃኬት ላይ ጃኬት ያስደርባል። አውድማችን ለዚያ ነፋስ ተብሎ የተመረጠ ቦታ ነው። ዘንድሮ ግን በምሥራቅ በኩል፣ ጎረቤት በሸጠው መሬት ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ቆሟል። ነፋሱ ግንቡን መትቶ ይበተናል፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ጭራሽ ዝም። አባዬ በመንሽ ሽቅብ ሲወረውር እብቁ ተመልሶ ፍሬው ላይ ያርፋል።

ስልኬን አውጥቼ የአየር ሁኔታውን አየሁ።

«አባዬ፣ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከምሥራቅ።»

«የት?» አለኝ።

ምን ልበለው? ጎንበስ ብሎ ገለባ ቆነጠረና ለቀቀው። አየው። ጥቂት እርምጃ ሄዶ ደገመ። እንዲህ እያለ ክምሩን ዞረው፣ አለፈው፣ በመጨረሻ ግንቡ የሚያልቅበት ጥግ ጋ ቆመ። «እዚህ ያልፋል።»

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን ክምሩን በጆንያ እየሞላን ወደዚያ አጋዝነው። መሸብን። አይ ወገቤ! ወንበር የለመደ ወገብ ምን ያውቃል።

በነጋታው ከሰዓት ነፋሱ እውነትም በጥጉ በኩል መጣ። ገለባው በመንሽ ከተለየ በኋላ አባዬ ላይዳውን ሰጠኝ። የመጀመሪያው ውርወራዬ ከነእብቁ ወንድሜ ራስ ላይ አረፈ።

«ወዴት ትሸሻለህ? ትንሽ ወደ ነፋሱ ወርውር እንጂ» አለኝ።

አራት ክብ፣ አልኩ በልቤ። ሳቄ መጣ፤ ግን ለአባዬ ከየት ጀምሬ ላስረዳው?

ፍሬው ንጹሕ ሆኖ ሲወርድ ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። የቆምንበት መሬትም የእኛ አይደለም፤ ባለቤቱ ከዳር የመሠረት ድንጋይ አራግፎበታል።

«ለከርሞስ አባዬ?»

«ጆንያውን ያዝ» አለኝ።