ግንዱ መሬት ውስጥ ነው

ሂውስተን ቤት የገዛን ዓመት መጀመሪያ የተከልኩት ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ረጅም ዘንባባ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የካቲት ቴክሳስን ያ ብርድ ሲመታት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ወረደ። መብራት ጠፋ፣ ቧንቧ ፈነዳ። ዘንባባዬም ፋሲካ እስኪደርስ ግንዱ በስብሶ ተቆረጠ።

የቆረጠው ሰው ነው ከሰፈራችን ጀርባ ወዳለው ወንዝ ዳር ወስዶ ሌላ ያሳየኝ። ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ በቀጥታ ከመሬት የወጣ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ቅጠል ነው። ብርዱ አልነካውም። ድዋርፍ ፓልሜቶ ይሉታል፤ ከሰሜን ካሮላይና እስከ ቴክሳስ የአገሩ ተወላጅ ነው። ግንዱ ከመሬት በታች ስለሚያድግ ትልቁን ነቅሎ ማዛወር አይቻልም። ስለዚህ በማሰሮ ያደገ ችግኝ ገዝቼ፣ ውሃ በሚተኛበት የጓሮዬ መረሬ ላይ ተከልኩት። የመጀመሪያውን በጋ አጠጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ ትዕግሥት ብቻ ነው። ስንተክለው ሦስት ቅጠል ነበረው፣ ዘንድሮ ስምንት ሆኗል።

ደሴ ላለችው እናቴ በቪዲዮ ሳሳያት፣ «ግንዱ የታለ?» አለችኝ።

«መሬት ውስጥ ነው፣ እማዬ።»

«እሾኹስ? ልጆቹን አይወጋም?»

የለውም። የቅጠሉ ዘንግ ልሙጥ ነው። እሷ የምታውቀው የቦርከና ወንዝ ዳሩን ነው፤ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ የሚያወጣውን፣ ቅጠሉ እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተሰደረውን፣ ከዘንጉ ግርጌ እሾኽ ያለውን። ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ስሄድ ጣቴን ወግቶኛል። ለሆሳዕና ዋዜማ ዘንባባውን በጆንያ ጠቅልለን፣ የሐረጎን ዳገት በአውቶቡስ ስንወጣ ብርዱ ፊታችንን እየገረፈው፣ ቅጠሉ እንዳይሰበር በጉልበቴ መካከል አቅፌው ደሴ እደርስ ነበር። ማታ እናቴ ቀለበት ትጎነጉናለች፤ ጠዋት መድኃኔዓለም ስንሄድ ዘንባባውን ከግንባራችን ላይ ታስርልናለች።

ዘንድሮ ለሆሳዕና ከታች ያለውን ያረጀውን አንዱን ቅጠል ብቻ ቆረጥኩ። ሌሎቹ ይቆዩ፤ ቶሎ አይተኩም። ልጄ ወለሉ ላይ ዘረጋችው፤ እጥፋት በእጥፋት እንደ ጃንጥላ ነው፣ ስትተረትረው ይንጣጣል። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን እናቴን ጠራናት።

«ሰፊ ነው የኔ እናት፣ በጥፍርሽ ሰንጥቂው። እህ፣ እንዲያ። አሁን ወደ ውስጥ እጠፊው… ወደ ውስጥ!»

ሦስት ጊዜ ተፈታባት። በአራተኛው ጣቷ ላይ ቆመ። ልጄ እጇን ወደ ካሜራው አስጠጋች፤ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ለአባትሽም አንድ ሥሪለት» አለች።